ጀርባውን የሰጠን አንበሳ

እስቲ ልጠይቃችሁ። የተበላሸ ነገር ከፊታችሁ ቆሞ፣ መበላሸቱን ያበላሸውም ሰው እናንተም እያወቃችሁ፣ «አንተ አንደበት አለህ፤ ትርጉሙን ለሕዝቡ ንገርልን» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ልብ በሉ፤ አስተካክሉት አልተባላችሁም። የተባላችሁት አስረዱት ነው። እኔ ተብያለሁ። ነገሩ ካለፈ ይኸው ሁለተኛ ክረምት መጣ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። እንዲበርድም ስለማልፈልግ ነው ይህን የምጽፈው።

በመጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። አባቴ ከጎጃም ዐባይን ተሻግሮ የመጣ አናጢ ነው፤ እናቴ የአርጆ ሰው ናት። ቤታችን ውስጥ አባቴ በአማርኛ ይቆጣል፣ እናቴ በኦሮምኛ ታባብላለች፤ እኔ በሁለቱም አድጌአለሁ። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት ነቀምቴ ነበር፤ ታሪክና አማርኛ ላስተምር። ጠመኔዎቼን በቁመታቸው የምደረድር፣ ተማሪ አንድ ነገር ቢጠይቀኝ ሦስት ነገር የምመልስ ሰው ነበርኩ። ማስረዳት ደስ ይለኛል። ከዐረፍተ ነገሬ መሀል «ማለትም» የምትለው ቃል ስለማትጠፋ ተማሪዎቼ ከጀርባዬ «መምህር ማለትም» ይሉኝ ጀመር። ስሙ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቶ ገበያ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ባለሱቆቹ ሁሉ የሚጠሩኝ በዚያ ሆነ። አልከፋኝም። እንዲያውም ኮርቼበት ነበር።

አሁን ሐውልቱን በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ። ሐውልቱን ካላወቃችሁት የተናደድኩበት አይገባችሁም።

ከገበያው በታች መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል። በጠላት ዘመን ጣሊያን የያዛቸውን አርበኞችና አርበኛ አስጠግታችኋል ያላቸውን ገበሬዎች የረሸነው እዚያ ተዳፋት ላይ ነው። አስከሬናቸውን ለቤተሰብ አልሰጠም፤ እዚያው አፈር አለበሳቸው። ከነጻነት በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ በቦታው ላይ ሣር ብቻ ነበረ። በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ ሐውልት እንዲሠራ ተፈቀደለትና ከተዳፋቱ አናት፣ ገበያውና ከባኮ የሚመጣው መንገድ ከሚገናኙበት ቦታ ላይ ሥራው ተጀመረ።

ንድፉን የሠራውን ሰው አላውቀውም። ንድፉ በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለነበር ግን አዘውትሬ እየሄድኩ አየው ነበር፤ አስቦበት ነው የሠራው። መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ማለትም ሐዘን። ከመሠረቱ ወደ ዓምዱ የሚያወጡት ደረጃዎች አምስት ናቸው፤ ማለትም የአምስቱ ዓመት መከራ። ዓምዱ ከታች ሰፊ ሆኖ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ማለትም የብዙ ሰው ሞት ተሰብስቦ አንድ ነጻነት ሆነ። ከጫፉ ላይ አንበሳ አለ። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን አቅጣጫውን ነው። ደረጃዎቹ የተሠሩት በተዳፋቱ በኩል ነበር። ጽሑፉም የተቀረጸው በዚያው በኩል ነው። አንበሳውም ፊቱን ወደ ተዳፋቱ አድርጎ ቁልቁል እንዲያይ ነበር የታሰበው። ሰው ከሞቱት በኩል መጥቶ ደረጃውን ሲወጣ፣ ቀና ሲል፣ የሚጠብቃቸውን ፊት ያያል። ተማሪዎቼን ሰልፍ አስይዤ፣ ገና ግንበኛ እየሠራው ሳለ፣ ይህን ሁሉ አስረድቻቸዋለሁ። አንበሳው የማንም በር ጠባቂ እንዳልሆነ፣ የሙታን ዘበኛ እንደሆነ ነግሬአቸዋለሁ።

አንበሳው ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና፣ በገለባ ተጠቅልሎ መጣ። በሲሚንቶ የተሠራ፣ ዘውድ የደፋ፣ አንድ የፊት እግሩን ያነሣ አንበሳ። ምረቃው ለሚያዝያ ሃያ ሰባት፣ ለድሉ በዓል ነው ተባለ። ክቡር እንግዳ ከዋናው ከተማ ይመጣሉ ተባለ። በሞቱት ቤተሰቦች ስም አበባ እንዲያኖሩ አዴ ጫልቱ ተመረጡ። አዴ ጫልቱ፣ ማለትም እናታችን ጫልቱ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር የሚኖሩ፣ ባላቸውን ተዳፋቱ ላይ ያጡ ባልቴት ናቸው። የሐውልቱን ትርጉም በድምፅ ማጉያ እንዳስረዳ ደግሞ እኔ ተመረጥኩ። ደስታዬን መገመት ትችላላችሁ።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በገበያው በኩል ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ከሩቅ አንድ ድምፅ ጠራኝ።

«መምህር ማለትም! ና እስቲ፣ ና አስረዳኝ!»

ጋሽ ሸምሱ ነበሩ፤ ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ የከረሙ ባለሱቅ። ሱቃቸው ከተዳፋቱ ጠርዝ ላይ፣ ከሐውልቱ ደረጃዎች ፊት ለፊት ነው።

«ምን ሆኑ ጋሽ ሸምሱ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ። ሱቄን ከፈትኩ፣ ቢስሚላህ አልኩ፣ ቀና አልኩ። ምን ያየሁ ይመስልሃል?»

«ምን አዩ?»

«ቂጥ! የአንበሳ ቂጥ! ጭራው ሳይቀር ተሠርቶለታል እኮ፤ ባለሙያ ነው የሠራው።»

ሰው ሳቀ። አንዱ «ጋሽ ሸምሱ፣ አፍዎን ይያዙ፤ ያሳስሩዎታል» አላቸው። እሳቸው ግን «ምን አጠፋሁ? እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት፤ ያሳየኝ ይታሰር» ብለው ወደ ሱቃቸው ገቡ።

ቀና ብዬ አየሁ። አንበሳው ትናንት ከሰዓት በኋላ ተሰቅሏል። ፊቱን ወደ ባኮ መንገድ አድርጎ፣ ጀርባውን ለተዳፋቱ፣ ለደረጃዎቹ፣ ለጽሑፉና ለገበያው ሰጥቶ ቆሟል። «በዚህ ስፍራ ለወደቁት» የሚለው ጽሑፍ ከጭራው ሥር ሆነ። አበባ የሚያኖር ሰው አምስቱን ደረጃ ወጥቶ የሚያኖረው እዚያ ሥር ነው።

አጠገቤ የቆመች ቅቤ ሻጭ በኦሮምኛ «ሌንጪ ዱጋ ፊዳ ጄዳኒ፣ ዱግዳ ኑ አርጊሲሴ» አለች። ይህ ቀልድ በሌላ አገር አይሠራም፤ ልተርጉመው። ዱጋ ማለት እውነት ነው፤ ዱግዳ ማለት ጀርባ። አንበሳ እውነት ያመጣልናል ሲሉን ጀርባውን አሳየን ማለቷ ነው። እስከ ቀትር ድረስ ገበያው ሁሉ ይህን ይል ነበር። ሰላምታ ሆኖ ቀረ። አንዱ «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርክ፣ ሲል ሌላው «ዱጋ ሲሉኝ ዱግዳ ሆነብኝ» ይላል።

እኔ አልሳቅሁም። ግንበኛው ገና የእንጨት መወጣጫው ላይ ስለነበር ወደ እሱ ሄድኩ።

«ተሳስታችሁ ነው እንዴ?»

«እኛ አልተሳሳትንም መምህር። እንደ ንድፉ ወደ ተዳፋቱ አድርገን ነው የሰቀልነው። ግራዝማች መጡና አዙሩት አሉ። አዞርነው።»

«መልሶ ይዞራል?»

«ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው። ዛሬ ከሆነ ይዞራል። ከዛሬ ካለፈ ግን ይሰበራል እንጂ አይዞርም።»

ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሮጥኩ። ግራዝማች የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ናቸው፤ ሰውነታቸው ሞላ ያለ፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ እኔንም የሚወዱኝ ሰው ነበሩ።

«ኧረ መምህር ማለትም! ንግግርህን አዘጋጀህ?»

«ግራዝማች፣ አንበሳው ተገልብጧል።»

«አልተገለበጠም፤ ዞረ እንጂ። እኔ ነኝ ያዞርኩት። ክቡርነታቸው በየት በኩል ነው የሚገቡት?»

«በባኮ መንገድ።»

«እንግዲህ! መኪናቸው ከመታጠፊያው ብቅ ሲል መጀመሪያ ምን ይዩ? ጭራ?»

«ግን ግራዝማች፣ ሲገቡ እኮ ገና አልተመረቀም። በጨርቅ ተሸፍኖ ነው የሚጠብቃቸው። ፊቱም ጭራውም አይታያቸውም።»

ግራዝማች ይህን አስበውበት አያውቁም ነበር። ሆኖም «ከጨርቁ ሥርም ቢሆን ፊቱ ወደ እሳቸው ይሁን» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ከራሴ ፈጥሬ የጻፍኩት እንዳይመስልህ። እንዲህ ነው ያሉት።

«ሕዝቡስ? የሞቱት ቤተሰቦችስ?»

«ሕዝብ እግር አለው፤ ዞሮ ያያል። ሹም ግን መኪና ላይ ነው ያለው፤ እንዴት ይዙርልህ?»

«ዛሬ ካልዞረ ሲሚንቶው ይጠነክራል።»

«ይጠንክር። አንተ የሚጠበቅብህ ሌላ ነው። ትርጉም አውጣለት። አንተ እኮ ድንጋይ ቢሰጡህ ትርጉም ታወጣለህ!» ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ጣታቸውን አነሡ። «እንዲያውም እኔ ልንገርህ። ሰው ጀርባውን ለማን ነው የሚሰጠው? ለሚያምነው ነው። ለጠላቱ ጀርባውን የሚሰጥ አለ? አንበሳው ጀርባውን ለነቀምቴ ሕዝብ የሰጠው ስላመነው ነው። ፊቱን ወደ መንገድ ያደረገው ከዚያ የሚመጣ ጠላት ካለ ሊጠብቀው ነው። አየህ? እንደውም ከንድፉ ይሻላል።»

ያበሳጨኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ትርጉሙ ጥሩ መሆኑ ነው። ያማረ ነው። ልጅ ይገባዋል፣ ሽማግሌ ራሱን ይነቀንቅለታል። ምንም ባላውቅ ኖሮ ያን ቀን ክፍል ገብቼ አስተምረው ነበር። ውሸት የሚያምረው እንዲህ ሆኖ ነው።

«ይህንኑ ለአዴ ጫልቱም ንገራቸው» አሉኝ ግራዝማች። «ሴቶቹ ማጉረምረም ጀምረዋል አሉ። አንተ ኦሮምኛውን ታውቃለህ፤ ሂድና አስረዳቸው። አበባውን ሳያኩርፉ ያኑሩልን። ደግሞ» አሉ በሩ ላይ ስደርስ፣ «የሙከራ ጊዜህ አላለቀም አይደል?»

አላለቀም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባኬ ጃማ ወረድኩ። አዴ ጫልቱ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ። አጭር፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። እሑድ እሑድ ከሚስዮኑ ቤተ ክርስቲያን አይቀሩም፤ መዝሙር ሲያወጡ ድምፃቸው ከወጣቶቹ ይበልጣል ይባልላቸዋል።

«ኮቱ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ና፣ ልጄ። በርጩማ ጎትተው «ታኢ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። የመጣሁበትን ሳልነግራቸው አወቁት።

«ግራዝማች ነው የላከህ?»

«አዎ አዴ።»

«ጀርባ መስጠቱን ልታስረዳኝ?»

አፈርኩ። «እንዲህ በልልኝ ብለውኛል» ብዬ የግራዝማችን ትርጉም በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ከራሴ አንድም ቃል አልጨመርኩም፤ «ማለትም» እንኳ አላልኩም። እሳቸው በቆሎ መፈልፈላቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ።

«ጥሩ አድርጎ አስቦታል» አሉ ስጨርስ። «ጮሌ ነው። እኔም ባላውቅ ያምረኝ ነበር። ዲንሳ እንዴት እንደሞተ ታውቃለህ?»

ዲንሳ ባላቸው ነው። እንዴት እንደሞተ አላውቅም ነበር። በዚያ ተዳፋት ላይ መረሸኑን ብቻ ነው የማውቀው።

«እኛ ሴቶቹ ከላይ ቆመን ነበር፤ አስገድደው ነው ያቆሙን፣ እንድናይ። ወንዶቹን ደረደሯቸው። ዙሩ አሏቸው፤ ጀርባችሁን ስጡ። አስተርጓሚው ጮኾ ነገራቸው። ሁሉም ዞሩ። ምን ያድርጉ? እጃቸው ታስሯል። ዲንሳ አልዞረም። ሁለት ወታደር መጥቶ በግድ አዞረው። ሲለቁት ተመልሶ ዞረ። ደግመው አዞሩት። ሲለቁት ተመለሰ። ሳቁበት መጀመሪያ። በኋላ ተናደዱና እንዲሁ ፊቱን እያዩ ተኮሱበት።»

በቆሎውን አስቀመጡ።

«ጀርባውን አልሰጥም ያለው ለእነሱ ነው መሰለህ? እኛ ከላይ ነበርን። እኔን ነበር የሚያየው። ወደ እኔ ነበር የሚዞረው። እሱ ለእኔ ጀርባውን ላለመስጠት ሞተ። አሁን አንተ መጥተህ ጀርባ መስጠት ማመን ነው ትለኛለህ?»

«እኔ አላልኩም አዴ። ግራዝማች ናቸው ያሉት።»

«ከነገ ወዲያ ግን በማጉያው የምትለው አንተ አይደለህም?»

ከበርጩማው ተነሣሁ። እሳቸው ግን አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ እመጣለሁ» አሉኝ። «አበባውን ይዤ እመጣለሁ። መጀመሪያ አንተን እሰማለሁ። አንተ የምትለውን ሰምቼ ነው አበባውን የት እንደማኖር የማውቀው።»

በቀጥታ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ተመለስኩ። ግራዝማች ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ አገኘኋቸው። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ዲንሳ ሁለት ጊዜ በግድ መዞሩን፣ ሁለት ጊዜ መመለሱን ነገርኳቸው። ግንበኛው ገና አልሄደም፣ ሲሚንቶው ገና አልጠነከረም፣ ገመዱም እዚያው ነው አልኳቸው። ለመንኳቸው።

«የዲንሳን ነገር አውቃለሁ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ነቀምቴ ውስጥ የማያውቅ ትልቅ ሰው የለም። አንተ ልጅ ስለሆንክ ነው አዲስ የሆነብህ።»

«ታዲያ እያወቁ?»

«እያወቅሁ። ስማኝ ልጄ፤ ሙት አይሾምም፣ ሙት አይሽርም። ይህን የሚያደርግ ሰው ነው ከነገ ወዲያ በመኪና የሚመጣው።»

ኮፍያቸውን አድርገው ሄዱ።

ባለማወቅ የሚያጠፋን ሰው ይቅር ማለት አይከብደኝም። ማስተማር ማለት ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መዋል ነው። እሳቸው ግን ያውቁ ነበር። ዲንሳ ስንት ጊዜ እንደዞረ ያውቁ ነበር፤ አውቀው ነው አንበሳውን ያዞሩት። ቁጣዬ ከዚያ በር ጀምሮ መልኩን ለወጠ። ፊት ስናደድ የምጮኽ ሰው ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን ዝም አልኩ። ሲሚንቶው እየጠነከረ ሄደ፣ እኔም አብሬው።

የበዓሉ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። ተማሪዎቹ ባንዲራ ይዘው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰለፉ። ሕዝቡ ከተዳፋቱ አናት፣ ከደረጃዎቹ በኩል ሞላ። ሴቶቹ ከፊት ናቸው፤ አዴ ጫልቱ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ አበባውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሀል ቆመዋል። አንበሳው በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል። የድምፅ ማጉያው አንዲት ላንድሮቨር ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል፤ መናገሪያው በሽቦ ወርዷል።

የእንግዳው ጥቁር መኪና ከመታጠፊያው ብቅ አለ። በጨርቅ በተሸፈነው አንበሳ ፊት አልፎ መጥቶ ቆመ። እንግዳው ረጅም፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ የሱፍ ካፖርት የደረቡ ሰው ናቸው። ግራዝማች ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ጸሎት ተደረገ፣ ንግግር ተነበበ፣ ገመዱ ተሳበ፣ ጨርቁ ወደቀ።

በተዳፋቱ በኩል የነበረው ሕዝብ አላጨበጨበም።

እንግዳው አበባ ሲቀመጥ ለማየት ሐውልቱን ዞረው ወደ ደረጃዎቹ መጡ። ጽሑፉን አነበቡ። ቀና አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ምንድነው?»

ግራዝማች ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ ነበር። «ትልቅ ትርጉም አለው ክቡር ሆይ! መምህራችን ያስረዱልናል» ብለው መናገሪያውን በገዛ እጃቸው ሰጡኝ።

ተናገርኩ። መሠረቱን አስረዳሁ። አምስቱን ደረጃዎች አስረዳሁ። ዓምዱ ለምን ወደ ላይ እንደሚቀጥን አስረዳሁ። ግራዝማች ራሳቸውን እየነቀነቁ ፈገግ ይላሉ። ከዚያ አንበሳው ጋ ደረስኩ። አዴ ጫልቱ ፊቴን ያዩ ነበር፤ ዓይናቸው ያን ቀን አንድ ቦታ አርፎ ነበር።

«የአንበሳው ጀርባ ወደዚህ መሆኑ ትርጉም የለውም» አልኩ። «ስህተት ነው።»

ያን በአማርኛ ብዬ ባቆም ኖሮ ምናልባት ይረሳ ነበር። ግን ከፊቴ ካሉት ሴቶች ብዙዎቹ አማርኛ አይሰሙም። ስለዚህ ደገምኩት። «ዱግዲ ሌንጫ ሂካ ኢን ቀቡ። ዶጎጎራ።» በመንግሥት ማጉያ፣ በክቡር እንግዳ ፊት በዚያ ቋንቋ ሲነገር ሕዝቡ ሰምቶ አያውቅም። ከተዳፋቱ በኩል አንድ ትልቅ እስትንፋስ ተሰማ፤ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ አየር ያወጣ ይመስል ነበር።

የግራዝማች ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ።

እንግዳው ተጠግተውኝ «ስህተት ከሆነ ለምን አልተስተካከለም?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ የገረማቸው ይመስሉ ነበር።

«ክቡርነትዎ ሲገቡ ፊቱን እንዲያዩ ተብሎ ነው።»

«እኔ? እኔ እኮ ከባኮ ጀምሮ ተኝቼ ነው የመጣሁት።»

መናገሪያው በእጄ ነበር፤ አልዘጋሁትም። ቃላቸው በላንድሮቨሩ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ገበያውን አልፎ ሄደ። ከዚያ ከኋላ ጋሽ ሸምሱ ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሊውጡ ሞክረው አልሆነላቸውም። ሳቁ ከሳቸው ወደ ጎረቤታቸው፣ ከዚያም ወደ ሁሉም ሄደ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ልቅሶ የቀረበው ሳቅ ነበር።

አዴ ጫልቱ ግን አልሳቁም። ወደ እኔ መጥተው «አሁን አስረዳኸኝ» አሉኝ። ከዚያ ደረጃዎቹን አልወጡም። ዞረው ቁልቁል ወደ ተዳፋቱ፣ ወደ ሣሩ ወረዱ። ዲንሳ የወደቀበትን ቦታ ማንም ሳያሳያቸው ያውቁታል፤ አበባውን እዚያ አኖሩ። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሏቸው። ሕዝቡ እሳቸውን ለማየት ሲዞር ለአንበሳው ጀርባውን ሰጠ። ማንም አላዘዘውም።

እንግዳው ጥቂት ቆመው አዩና ወደ መኪናቸው ገቡ። ግብዣው ላይ አልቆዩም ይባላል።

ከዚያ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ማስረዘም አይገባውም። ተጠራሁ። ስለ አንበሳው አንድም ጥያቄ አልተጠየቅኩም። የተጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በማን ፈቃድ ነው በኦሮምኛ የተናገርከው?» የሰዉ ቋንቋ ስለሆነ ነው አልኩ። በቂ ምክንያት አይደለም ተባልኩ። በሳምንቱ ወደ ቤጊ ተዛወርኩ፤ የወለጋ ጫፍ ነው፣ በጭነት መኪና፣ በቡና ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ይኸው እዚሁ ነኝ። አንበሳው አልዞረም። ሲሚንቶው ጠንክሯል አሉ፤ ሊሰብሩት ፈርተዋል። ከነቀምቴ የሚመጡ ነጋዴዎችን ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ። «እንደዚያው ነው» ይሉኛል።

እኔ ግን ተለውጫለሁ። ምኔ እንደተለወጠ ልንገራችሁ፤ ይህን እንኳ ማስረዳት አልተውኩም። ያኔ ትርጉምና ማመካኛ አንድ ይመስሉኝ ነበር። ሁለቱም «ማለትም» ብለው ነውና የሚጀምሩት። አሁን የምለያቸው በዚህ ነው፦ ትርጉም ከድንጋዩ በፊት ይመጣል፤ ሰው አስቦ ነው ድንጋዩን የሚያቆመው። ማመካኛ የሚፈለገው ድንጋዩ ከቆመ በኋላ ነው። የንድፉ ባለቤት ያሰበው ትርጉም ነበር። ግራዝማች ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ያወጡት ማመካኛ ነው። ማመካኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከትርጉም ያምራል፣ ምክንያቱም የሚሠራው ለማማር ብቻ ነው። አገራችን ውስጥ ስንት ነገር ተገልብጦ ቆሟል? ስንት የእኔ ቢጤ የተማረ ሰው ተጠርቶ «ትርጉም አውጣለት» ተብሏል? እኛ አስተማሪዎች፣ እኛ ጸሐፊዎች፣ እኛ አንደበት አላችሁ የምንባል፣ ለስንቱ ጭራ ፊት ነው ብለን አስረድተናል?

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከከተማችሁ ውስጥ ሐውልት ካለ፣ አንድ ቀን ሂዱ። ከፊቱ አትጀምሩ፤ ፊቱ ለእንግዳ የተሠራ ነው። ዞራችሁ ከኋላው ቁሙ፤ ጀርባውን ለማን እንደሰጠ እዩ፤ እዚያ የሚኖሩትን ሰዎች ሰላም በሉና ጠይቋቸው። እዚያ ሳላችሁ አንድ ሹም ማጉያ አምጥቶ እጃችሁ ላይ ቢያኖር፣ «ትርጉም የለውም፤ ስህተት ነው» በሉ፤ በሚሰሙት ሰዎች ቋንቋ ደግሞ ድገሙት። አጭር ዐረፍተ ነገር ነው፤ ዛሬ ቤታችሁ ውስጥ ጮክ ብላችሁ ሞክሩት።